አሮጌውን ኮምፒውተር ከመጣላችሁ በፊት

አራት ኪሎ ለተሰበሰቡ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! ሱቃችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽኑ ይከፈታል፣ ያትማል። ለሰርጎ ገቦች በር የሚከፍት አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ ግን ለተጨማሪ ጥገና ካልተመዘገባችሁ በቀር የሚደፍንላችሁ የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ያሉትን ነው የሚቀበለው። በስንት ድካም የገዛችሁት 4ኛ ጄኔሬሽን ደህና እየሠራ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ ወደሚጫን ዊንዶውስ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የሰው መታወቂያ፣ የቤት ውል፣ የትምህርት ማስረጃ እናንተ ጋ ስካን ይደረጋል። ቀኑን ሙሉ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፍላሽ ይሰካል። ክራኩ እንዲሠራ ተብሎ አንቲቫይረሱ በተዘጋ ማሽን ላይ የደንበኛን ሰነድ ማስቀመጥ በደል ነው።

ሌላው አማራጭ ሊኑክስ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀመረው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ለፈቃድ ገንዘብ አይጠየቅም። ኡቡንቱና ሚንት የሚባሉት የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ለእኛ ሥራ ትልቁ ጣጣ ፊደሉ ነው። በቆዩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሶ ነው። ፎንቱ ከሌለ ገጹ በሙሉ ምልክት በምልክት ይሆናል። ይህ ሊኑክስ ላይ ብቻ አይደለም፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ዊንዶውስም ያው ነው። ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ደረጃ ነው፤ ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ዊንዶውስም ላይ፣ ሊኑክስም ላይ፣ ስልክም ላይ ይነበባል። ስለዚህ የትኛውንም ምረጡ፣ አዲስ ሥራ ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ። የድሮውን ቀስ እያላችሁ ለውጡ።

ሒሳብ በፒችትሪ የምትሠሩበትን ወይም ፎቶሾፕ ያለበትን ማሽን ግን አትንኩት። ሁለቱም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ለእሱ ፈቃድ ያለው ዊንዶውስ ግዙ፤ ወጪው ይገባዋል። ለትየባ፣ ለስካንና ለኢንተርኔት የምትጠቀሙባቸውን ወደ ሚንት ብታዞሩ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በወርድ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊኑክስ ላይ በወርድ ፈንታ በምንጠቀምበት ሊብሬኦፊስ ሲከፈት ሰንጠረዡ ሊዛነፍ፣ ገጹም ሊገፋ ይችላል። ተማሪው ለሕትመት ሲመጣ ፒዲኤፍ ይዞ እንዲመጣ ንገሩት።

ሚንትን ምንም ሳታጠፉ መሞከር ይቻላል። ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ታስነሳላችሁ፤ ጫን ካላላችሁት ሀርድ ዲስኩን አይነካም። መጀመሪያ ፕሪንተሩንና ስካነሩን ሞክሩ። የትልልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽኖች ድራይቨር (ማሽኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሊያስቸግር ስለሚችል እሱን ሳታረጋግጡ እንዳትጭኑ።

የተዘጋጁ ፍላሾች ጠረጴዛው ላይ አሉ። ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደፊት ኑና አብረን እንሞክረው።