200 ዶላር ስንት ሰዓት ነው? የዋሽንግተንና የአዲስ አበባ ደሞዝ ሲነጻጸር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን አላችሁ።

የዛሬውን ክፍል በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ዋሽንግተን ዲሲ የሚሠራ ሰው አዲስ አበባ ላለች እህቱ 200 ዶላር ላከ። ያ ገንዘብ ለላኪው ምን ያህል ነው? ለተቀባይዋስ? ብዙ ቤተሰብ የሚቀያየመው፣ ብዙ ወጣትም የስደትን ውሳኔ የሚወስነው በዚህች ስሌት ነው። ስሌቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በባንክ ምንዛሪ ብቻ ነው፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል። ወረቀትና እስክሪብቶ ካላችሁ አብራችሁኝ አስሉ።

ከላኪው እንነሳ። የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ጨምሯል፤ እኛ ግን የግብሩም ቁጥር የዚያው ዓመት እንዲሆን በ2024 እናስላ። በሳምንት 40 ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 2,080 ሰዓት፤ 36,400 ዶላር ያገኛል። ይህን ቁጥር በ12 አካፍሎ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። ተቀናሹስ? ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም ለመንግሥት ጡረታ፣ እና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለአረጋውያን የጤና መድን፣ 7.65 በመቶ፣ 2,785 ዶላር ገደማ ይሄዳል። ለፌዴራል ግብር ላላገባ ሰው 14,600 ዶላር ነጻ ይሆንለትና ከቀሪው ላይ 2,384 ይከፍላል። ዲሲ ደግሞ የራሷን 1,108 ትወስዳለች። እጁ የሚገባው 30,123 ነው፤ በወር 2,510፣ በሰዓት 14 ዶላር ከ50 ሳንቲም አካባቢ። ስለዚህ 200 ዶላር ለእሱ 14 ሰዓት ሥራ ነው፤ ወደ ሁለት ቀን የሚጠጋ።

ወደ እህቱ እንሂድ። አዲስ የተቀጠረች ዲግሪ ያላት የመንግሥት ሠራተኛ ናት እንበል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመነሻ ደሞዟ 11,500 ብር ነው። በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጀመረ በየደረጃው ይሄድና በጠቅላላ 2,100 ብር ይቆረጥባታል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። የሚተርፋት 8,595 ብር ነው። የመንግሥት የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ስለሆነ፣ በሰዓት 50 ብር ገደማ ታገኛለች ማለት ነው። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ዶላር 150 ብር እንበል። 200 ዶላሩ 30,000 ብር ሆነ፤ የሦስት ወር ተኩል ደሞዟ።

እሱ ሁለት ቀን የሠራበት ለእሷ ሦስት ወር ተኩል ነው። ከዚህ ሰው ወዲያው የሚደርስበት መደምደሚያ «እሱ ከእሷ 44 እጥፍ ይኖራል» የሚል ነው፤ የእሷ ደሞዝ በዶላር 57 ስለሆነ። አይኖርም። ለምን እንደማይኖር እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እንይ።

ሦስት ነገር ልውሰድ፤ ዋጋቸውን ለምሳሌ ነው የምጠራው፣ እናንተ በአካባቢያችሁ ዋጋ ተኩት። አንደኛ፣ 150 ዶላር የሚያወጣ ስልክ። እሱ 10 ሰዓት ከምናምን ይሠራበታል። እሷ፣ ቀረጡን እንኳ ሳንጨምር፣ 22,500 ብር፤ 450 ሰዓት። ልዩነቱ 43 እጥፍ ነው። ሁለተኛ፣ ጤፍ። አዲስ አበባ ኪሎው 150 ብር ከሆነ ሦስት ሰዓት ነው፤ ዲሲ ኪሎው 5 ዶላር ቢሆን ሃያ ደቂቃ። ዘጠኝ እጥፍ። ሦስተኛ፣ ጸጉር መቆረጥ። ዲሲ ከነጉርሻው 35 ዶላር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። አዲስ አበባ 200 ብር፣ አራት ሰዓት። ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም።

አያችሁ? ያው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ደሞዛቸውም አልተቀየረም። እንደሚገዙት ነገር ግን ልዩነታቸው ከ43 ወደ ሁለት እጥፍ በታች ወረደ።

ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1964 ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አብራርተውታል። ስልክ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ጎማ መርከብ ላይ ይጫናሉ፤ ዋጋቸውን የሚወስነው የዓለም ገበያ ነው። የጸጉር አስተካካይ እጅ ግን መርከብ ላይ አይጫንም። የዲሲው ጸጉር ቆራጭ መቀስ የተለየ ስለት የለውም፣ ግማሽ ሰዓቱም ግማሽ ሰዓት ነው። ውድ የሆነው በዚያች ከተማ ያው ሰው ሌላ ሥራ ቢይዝ በሰዓት ቢያንስ 17 ዶላር ስለሚያገኝ፣ ከዚያ ባነሰ ወንበሩ አጠገብ የሚያቆመው ስለሌለ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ልብስ ስፌት፣ የሠፈር ጋራዥ በዶላር ሲታዩ ርካሽ የሚሆኑት በዚህ ነው። ርካሽነቱ ግን ለከፋዩ ነው። ለዘበኛው ያ ርካሽ ዋጋ ደሞዙ ነው። «ኢትዮጵያ ኑሮ ርካሽ ነው» የሚለውን አባባል ያለ ማብራሪያ መቀበል የሚከብደኝም ለዚህ ነው፤ የሌላውን ሰው ድካም በርካሽ ማግኘትን ነው ኑሮ የሚለው።

የዓለም ባንክ ሰንጠረዥ ላይ «በመግዛት አቅም» የሚል ዓምድ ያለው ይህን ለማስተካከል ነው። የብዙ አገሮችን የገበያ ዋጋ ሰብስቦ በአንድ መለኪያ ያስተካክላል። የሁለቱ አገሮች የነፍስ ወከፍ ምርት በባንክ ምንዛሪ ከ60 እጥፍ በላይ ይራራቃል፤ በመግዛት አቅም ሲሰላ ልዩነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ያም ቢሆን በጣም ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የከፋ ድህነት መስመር የተባለው በቀን 3 ዶላርም በዚህ መለኪያ የተሰላ ነው። 3ን በ150 አባዝቶ «በቀን 450 ብር የማያገኝ ሁሉ» ብሎ የሚያወራ ካጋጠማችሁ ተሳስቷል፤ በብር የሚመጣው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ሌላ የሚያሳስተው የምንዛሪ ለውጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚጻፈው የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ በወረቀት ላይ ተኮማተረ። የማንም የጤፍ ማሳ ግን አልጠበበም። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ስታነጻጽሩ መጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ የተጠቀመበትን ምንዛሪ እዩ። ደግሞ «በነፍስ ወከፍ» ለማለት ነፍሱ መቆጠር አለበት፤ ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብ ቆጠራ ያደረገችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የሕዝብ ቁጥር ግምት ነው።

ከመለኪያው የሚያመልጥም አለ። ገበሬው አምርቶ ራሱ የሚበላው እህል ተገምቶ በአገር ምርት ውስጥ ይካተታል። እናት ቤቷ የምትጋግረው እንጀራ ግን ድካሟ አይቆጠርም፤ ያው እንጀራ ዲሲ ከሱቅ ሲገዛ ይቆጠራል። ልጅ ማሳደግም እንደዚያው ነው፤ በቤተሰብ ሲሆን ዜሮ፣ በሕፃናት ማቆያ ሲሆን ብዙ ሺህ ዶላር።

እኔ አንድ ቁጥር ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ኤሌክትሪክ ነው። ምንዛሪ አያዛባውም። አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ በወር 900 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይጠቀማል። በኢትዮጵያ የአገሪቱ ፍጆታ ለሕዝቡ ሲካፈል፣ ፋብሪካውም ተጨምሮ፣ ለአንድ ሰው በዓመት ከ100 ኪሎዋት ሰዓት ብዙም አይርቅም። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ይበላል፤ አሥራ አራት ጊዜ ተጋገረበት ማለት የአንድ ሰው የዓመት ድርሻ አለቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት አቅም አለው፤ ትልቅ ነገር ነው። ከግድቡ እስከ ምጣዱ ግን ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ ቆጣሪ አለ። ገና ያልተዳረሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ ላኪው ልመለስ፤ የእሱ 2,510 ዶላርም ታሪክ አለው። በጋራ ቤት አንድ ክፍል 1,200 ዶላር ተከራየ እንበል፤ የተጣራ ደሞዙን ወደ ግማሽ ይወስዳል። አውቶቡስ አንድ ጉዞ 2 ዶላር ከ25፣ ለ22 የሥራ ቀን ደርሶ መልስ 99 ዶላር። በአሠሪ በኩል ለሚገኝ የአንድ ሰው የጤና ኢንሹራንስ ሠራተኛው እ.ኤ.አ. በ2024 በአማካይ በዓመት 1,368 ዶላር ይከፍል ነበር፤ በወር 114። ለምግብ 400፣ ለስልክ 50 ብንይዝለት 650 ዶላር ገደማ ይቀረዋል። የላከው 200 ከዚህ ላይ ነው፤ ከትርፉ ሲሶ። እህቱም ብትሆን ለአንድ ክፍል 6,000 ብር ብትከፍል 70 በመቶ ደሞዟ ሄዷል። ኪራይ ሁለቱንም ያንቃል፤ እሷን ግን በዓለም ገበያ ዋጋ ከምትገዛቸው ከስልኩም ከዘይቱም ጋር ነው የሚያንቃት።

ኢንሹራንሱም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። ከመጀመሪያው ሐኪም ቤት ሂሳብ ላይ ከራስ ኪስ የሚወጣ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 አማካዩ 1,787 ዶላር ነበር። ለዚህ ሰው 123 ሰዓት ነው፤ የሦስት ሳምንት ሥራ። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ሆስፒታሉ ገንዘብ ሳይጠይቅ ማረጋጋት አለበት፤ ሂሳቡ በኋላ በፖስታ ይመጣል። አዲስ አበባ ብዙ የግል ሆስፒታል ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። አንዱ ጋ ዕዳው ከሕክምናው በኋላ ይመጣል፣ ሌላው ጋ ገንዘቡ ከሕክምናው በፊት መገኘት አለበት። ዘመድ በሌሊት የሚደወልለት ለዚህ ነው።

ሕግ ላይ ደግሞ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። በኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የወለደች ሠራተኛ ደሞዝ እየተከፈላት 120 ቀን ታርፋለች። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ ያውም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት፣ ዓመት ለሠራና 1,250 ሰዓት ለሞላ። ዲሲ የራሷን የተከፈለ ፈቃድ ጨምራለች እንጂ ሁሉንም ሠራተኛ የሚሸፍን በፌዴራል ደረጃ የለም። ነገር ግን ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሦስት አራተኛው የሚኖረው በገጠር ነው። አራሿ እናት ቀጣሪ የላትም፤ አዋጁ ቢያምርም እርሷን አያውቃትም። ሕግ ስታነጻጽሩ ሕጉ ስንቱን ሰው እንደሚነካ አብራችሁ ጠይቁ።

ከማቆሜ በፊት፣ በዶላር ጡረታ በብር ለመኖር ለሚያስቡ። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት ከ4 በላይ ስለማይገኝ ቢያንስ አሥር ዓመት መሥራት ነው። የአሜሪካ ዜጋ ኢትዮጵያ ሆኖ ጡረታውን መቀበል ይችላል፤ ዜግነት ለሌለው ከስድስት ወር በላይ ከአገር መውጣት ክፍያውን ሊያስቆምበት ስለሚችል፣ ሳይወጣ ማጣራት አለበት። ሜዲኬር ግን ድንበር አይሻገርም፤ አዲስ አበባ የታከሙበትን አይከፍልም። «እንግዲያውስ ለምን እከፍላለሁ» ብሎ የሐኪም ክፍሉን፣ ፓርት ቢ የሚባለውን፣ ያቋረጠ ሰው ተመልሶ ሲገባ ውጭ በቆየበት በእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር 10 በመቶ ይጨመርበታል። ሦስት ዓመት ቢቆይ 30 በመቶ ነው። በ2025 ክፍያ ብናሰላው በወር 185 የነበረው 240 ዶላር ከ50 ይሆናል፤ ጭማሪውም ሽፋኑ እስካለው ድረስ አብሮት ይኖራል።