አውራጅ የሌለው «ኩሉን ማን ኳለሽ»

ሰይድ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቻችን። ዛሬም ከደሴ ነን። ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መስኮታችን ላይ ቆሟል። እኔ ሰይድ ነኝ።

መሲ፦ እኔ መሲ ነኝ። ጋቢዬን ለብሼ ነው የመጣሁት።

ሰይድ፦ ባለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ሰጥተናችሁ ነበር። የኢትዮ-ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄ በፈረንጆቹ 1972 ኒውዮርክ የሠራውን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የሚለውን አልበም ከዳር እስከ ዳር ስሙትና የተሰማችሁን በድምፅ ላኩልን ብለን። ልካችኋል፣ አላህ ይስጥልን። ግማሻችሁ ወዳችሁታል፣ ግማሻችሁ ደግሞ...

መሲ፦ ግማሽ አይደለም። የወደዱት ያንሳሉ።

ሰይድ፦ እንቆጥራለን፣ አብሽሪ። ከመልእክቶቹ በፊት ግን እሑድ የሆነውን ልንገርሽ። ሐይቅ፣ አክስቴ ቤት ሄድኩ።

መሲ፦ እትዬ ደህና ናቸው?

ሰይድ፦ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች። ቡና ልትቆላ ተቀምጣለች። ጎረቤቶቿም መጥተዋል። እኔ ስልኬን ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩት፣ ድምፁ ጎላ እንዲል። አልበሙን ከመጀመሪያው ለቀቅኩት። ያቺ ዋዋ የምትለው ጊታር አለች አይደል? አክስቴ ትንሽ ሰማችና «ሰይዶ፣ ይሄን ጊታር ጉንፋን ይዞታል እንዴ?» አለችኝ።

መሲ፦ (ትስቃለች) ወላሂ ልክ ናቸው! አፍንጫው የታፈነ ሰው ነው የሚመስለው።

ሰይድ፦ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ዳማከሴ አሽቱለት» ያለችም ነበረች። እኔ ዝም ብዬ አስቀጠልኩት። አራተኛው ላይ ስንደርስ «ኩሉን ማን ኳለሽ» መጣ። መሲ፣ የአክስቴ እጅ ምጣዱ ላይ ቀጥ አለ።

መሲ፦ አወቁት?

ሰይድ፦ ወዲያው ነዋ! «ይቺማ የእኛ ናት!» አለች። ስንት ሙሽራ ሸኝታበታለች። ከዚያ ጠበቀች። ዘፋኟ እንድትገባ ትጠብቃለች። አልገባችም። «አውራጇ የት ሄደች?» አለችኝ። የለችም እትዬ፣ መሣሪያ ብቻ ነው አልኳት። «ታዲያ ሙሽራዋን ማን ያሞግሳት?»

መሲ፦ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው!

ሰይድ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። «ድገመው» አለች። ደገምኩት። ራሷ ማውረድ ጀመረች። ጎረቤቶቿ ይቀበላሉ። ግን አልገጠመም። ኮንጋው፣ ያ በእጅ የሚመታው ረጅም ከበሮ፣ በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ እነሱ በሠርግ ቤት ከበሮ ነው የሚሄዱት። እሷ ስትጨርስ እሱ አይጨርስም። ተናደደች። «እንደገና» አለች። በሦስተኛው አልዘፈነችም። አጨበጨበች ብቻ። መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለች። ከዚያ ቦታውን አገኘችው። የት እንደሚመታ ገባት። ዓይኗን ጨፍና ነበር መሲ።

መሲ፦ ቡናውስ?

ሰይድ፦ ቡናው አረረ።

መሲ፦ (ትስቃለች) እንደገና ተቆላ?

ሰይድ፦ ከአዲስ! አቦልን የጠጣነው አንድ ሰዓት ዘግይተን ነው። አንዷ ጎረቤት እስከ በረካ ድረስ «ጉንፋሙ ጊታር ቡናችንን አሳረረው» ስትል ነበር።

መሲ፦ እሺ፣ አሁን እኔ ልናገር። ይሄ ታሪክ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። አክስትህ ቃል ነው የፈለጉት። የወሎ ሰው ግጥሙን ሰምቶ ነው ዜማውን የሚያመሰግን። ቃሉን ስታወጣው ግማሹ ይሄዳል።

ሰይድ፦ በሦስተኛው ግን ያለ ቃል ገባት።

መሲ፦ ቃሉን ልባቸው ውስጥ እያሉት ነዋ! ዘፈኑን የማያውቅ ሰው ምን ይሰማል?

ሰይድ፦ እሺ፣ እኔም ልጠይቅሽ። አዝማሪ ግጥም ሳይጀምር ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ሆድሽ አይባባም?

መሲ፦ ...ይባባል።

ሰይድ፦ ገና አንድ ቃል አልተነፈሰም እኮ! ቅኝቱ ነው የሚያባባሽ። ትዝታ ይሁን አምባሰል ይሁን በመጀመሪያው ግዝገዛ ታውቂዋለሽ። ሙላቱ ያመነው ያንን ነው።

መሲ፦ ማሲንቆው መንገድ እየጠረገ ነው፣ ግጥሙ እንዲመጣ። ግጥሙ ሲቀር መንገዱ ባዶ ነው።

ሰይድ፦ አይ መሲ! ይሄ የኛ ጉዳይ እኮ ነው። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ የሁለቱን ስም እዪ። ባቲ ከተማችን ናት። አምባሰል ተራራችን ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ብትሄጂ ግመሉ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሁሉ እዚያ ነው። እነዚህ ቅኝቶች አምስት አምስት ድምፅ ብቻ ናቸው። ጃዙ ደግሞ አሥራ ሁለቱን ድምፅ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። አምባሰልና አንቺሆዬን ብትወስጂ፣ የመጀመሪያ ሦስት ድምፃቸው አንድ ነው። የሚለያዩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ላይ ነው፣ እሱም በግማሽ ድምፅ። በዚያች ግማሽ ድምፅ አገሩ ይቀየራል! አሁን በዚህ ላይ የፈረንጅ ኮርድ፣ ብዙ ድምፅ በአንዴ የሚመታውን፣ እንደልብ ብትከምሪበት ምን ይሆናል?

መሲ፦ ቅኝቱ ይጠፋል።

ሰይድ፦ ይጠፋል! ሙላቱ ያንን ሳያጠፋ ነው የሠራው። ሰውየው የጅማ ልጅ ነው። ዌልስ የሄደው ለምህንድስና ነበር፣ እዚያ ሙዚቃ ያዘው። ለንደን ተማረ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። ቫይብራፎንም (ያ በዱላ የሚመታው የብረት መሣሪያ)፣ ኮንጋም፣ ኪቦርድም ይዞ ተመለሰ። ትልቁ የአሜሪካ ጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን በፈረንጆቹ 1973 አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት የተጫወተው እሱ ነው። ኤሊንግተን እኮ ነው የምልሽ!

መሲ፦ ሰውየውን ማን ናቀው? እኔም እኮራበታለሁ። የምለው አልበሙ ልቤ አልገባም ነው።

ሰይድ፦ ስንቴ ሰማሽው?

መሲ፦ ሁለቴ።

ሰይድ፦ አክስቴ ሦስቴ ነው የሰማችው።

መሲ፦ (ትስቃለች) መልእክቶቹ ይነበቡ በቃ። ሰው እየጠበቀ ነው።

ሰይድ፦ እሺ፣ እሺ። አንዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወንድማችን ነው። «ማሽኑና ኮንጋው አብረው ይሄዳሉ፣ እንቅልፌን ያባረረልኝ ይሄ አልበም ነው» ይላል። ይሄ የእኔ ሰው ነው።

መሲ፦ የወልድያዋን አስተማሪ አትዝለላት። «ጥሩ ጥሩ መንገድ አለው፣ የሚደርስበት አገር ግን የለውም» ነው ያለችው። እኔ ልለው ፈልጌ ያጣሁትን አለችልኝ።

ሰይድ፦ አባባሏ ሸጋ ነው። ግን አልስማማም። ዜማው መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል እኮ። መሀሉ ላይ አንዱ መሣሪያ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ልክ እንደ ሠርግ ቤት።

መሲ፦ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ የሙላቱን ሙዚቃ መጀመሪያ የሰማው የፈረንጅ ፊልም ላይ ነው። ያ የጂም ጃርሙሽ ፊልም፣ በፈረንጆቹ 2005 የወጣው። ይሄ ያሳዝነኛል። የራሳችንን ዜማ ዞረን ከፊልም እንሰማለን።

ሰይድ፦ እኔም ያሳዝነኛል። እዚህ ላይ አንድ ነን። ቢያንስ ሰማው ግን።

መሲ፦ የባቲዋ እናትም አሉ። ልጃቸው ቀድቶ ነው የላከልን። «ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ግን ለማን ነው የሚያለቅሰው?» ይላሉ።

ሰይድ፦ ...ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው።

መሲ፦ ግጥም ካለ ለማን እንደሚያለቅስ ታውቃለህ።

ሰይድ፦ ግጥም ከሌለ ለራስሽ ሰው ታለቅሻለሽ። ለአባትሽ፣ ለወንድምሽ። ማን ይከለክልሻል?

መሲ፦ (ቆይታ) እሱን አላሰብኩትም። እስቲ ሦስተኛ ጊዜ እሰማዋለሁ። ሐሳቤን ቀየርኩ ማለቴ ግን አይደለም።

ሰይድ፦ አላልኩም። ቆጠራውስ?

መሲ፦ ከአሥራ አንዱ አራቱ ወደውታል። ሰባቱ አልወደዱትም።

ሰይድ፦ አክስቴን ጨምሪያት፣ አምስት።

መሲ፦ አክስትህ በየትኛው ወገን እንደሆኑ ራሳቸው ይንገሩን። መቅጃውን ይዘን ሐይቅ እንሂድ። እሳቸው ያውርዱ፣ እኔ እቀበላለሁ፣ አንተ አልበሙን ልቀቀው። ይገጥም እንደሆነ እናያለን።

ሰይድ፦ ወላሂ እንሂድ! እሑድ።

መሲ፦ እሑድ። ቡናውን ግን ሌላ ሰው ይቁላ።