ቀጭኗ ትጮሃለች ወይስ ወፍራሟ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም ከማይርቅ ክፍሌ ነው። መስኮቱን ዘግቻለሁ፤ ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ግን ቻሉት።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። ስለ አየር ጠመንጃ ቪዲዮ ሲያይ ነው ያመሸው። «አጎቴ፣ ድምፁ የሚቀንሰው ባለ 4.5 ሚሊ ሜትሩ ነው ወይስ ባለ 5.5ቱ?» አለኝ። የጥይቷን ውፍረት ማለቱ ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት አንድ ሽታ ቀድሞ ትዝ አለኝ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጥምቀት ሲደርስ አንድ የሰፈራችን ሰው ሐይቁ ዳር ኢላማ ያስተኩሱ ነበር። ታውቁታላችሁ፣ እንጨት ላይ ቆርኪ ይደረደራል። ትከፍላለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ከመታህ ማስቲካ ወይ ከረሜላ ነው። እኔ ቆርኪ ደርዳሪ ነበርኩ። ሰውየውን ጋሼ ነው የምላቸው።

ጠመንጃዋ ባለ ሞላ ነበረች፣ 4.5። አንገቷን ወደ ታች ስትሰብራት ሞላው ይጨመቃል። ወገቧ ቀጠን ያለ የእርሳስ ጥይት ታጎርሳትና ትመልሳታለህ። ምላጩን ስትስብ ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ አየሩን ያምቀዋል፣ አየሩ ጥይቷን ይተፋታል። በቃ ይኸው ነው።

የከተራ ዕለት ጠዋት ጠመንጃዋ ሲጥ ሲጥ አለችብኝ። እኔ ብልጡ ከእናቴ የስፌት መኪና ዘይት ይዤ መጣሁና አየር በሚወጣባት ቀዳዳ ጠብ ጠብ አደረግሁባት። ጋሼ ሻይ ሊጠጡ ሄደዋል። እስቲ ልሞክራት ብዬ አነጣጠርኩ።

ጧ!

ከአፈሙዙ ጭስ ወጣ። ጆሮዬ ጭው አለ። ደንገሉ ውስጥ ያደሩት ወፎች ግር ብለው ተነሡ። በታንኳ የሚያልፍ ሰውዬ መቅዘፉን ትቶ ወደ እኛ ዞረ። ጋሼ ብርጭቆውን እንደያዙ ሮጠው መጡ፤ ሻዩ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ነው።

«ምን አጎረስክባት?»

«ጥይት ነው ጋሼ።»

«የምን ጥይት!»

ያው የሁልጊዜዋ ጥይት ነበረች። ጠመንጃዋም ያቺው፣ ውፍረቱም ያው 4.5። የተለወጠው ዘይቱ ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ግለቱ ናፍጣውን ያቃጥለዋል። ጠመንጃዋም ያን ጠዋት ናፍጣ ሞተር ሆና ነበር። ዘይቱ ውስጧ ተቀጣጠለና ጥይቷን ከልክ በላይ ገፋት።

እና የእህቴ ልጅ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ግን ይህን ፍጥነት የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ ከፍታው አይደለም። ጥይት ከዚያ ፍጥነት ካለፈች በየሄደችበት አየሩን እየሰነጠቀች ትጮሃለች። ያን ጩኸት አፈሙዙ ላይ ምን ብታስር አታስቀረውም፣ ምክንያቱም የሚጮኸው ጠመንጃው አይደለም።

እዚያ ፍጥነት ለመድረስ የምትቀርበው ቀጭኗ ናት። ሁለት ጠመንጃ አስቡ፣ ጉልበታቸው እኩል 16 ጁል። ግማሽ ግራም የምትመዝን የ4.5 ጥይት በሴኮንድ 250 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። አንድ ግራም የምትመዝን የ5.5 ጥይት ደግሞ 180 ገደማ። ወፍራሟ ቀርፋፋ ናት። ገና ብዙ ይቀራታል።

በሞላ ሳይሆን በታንክ አየር የሚሠሩትም አሉ። ታንካቸው እስከ 200 ባር ግፊት ይሞላል፤ የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል ቢይዝ ነው። እነሱ ላይ ዋናው ድምፅ ከጥይቷ ኋላ ተከትሎ የሚፈነዳው አየር ነው። የ5.5 ቀዳዳ ስፋቱ የ4.5ን አንድ ተኩል ጊዜ ይሆናል። አየሩ ሰፊ መቀመጫ ስላገኘ በአነስተኛ ግፊት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ጉልበታቸው እኩል ከሆነ ወፍራሟ ረጋ ያለ፣ ወፈር ያለ ድምፅ ታወጣለች፤ ቀጭኗ ሹል ድምፅ። ታዲያ «ወፍራሙ ይጮሃል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ወፍራሞቹን፣ በተለይ 6.35ቱን፣ ብዙ ጊዜ የሚሠሯቸው ለትልቅ ጉልበት ስለሆነ ነው። የሚጮኸው ጉልበቱ ነው፣ ስሙ የሚጠፋው ግን የውፍረቱ።

ባለ ሞላዋ ላይ ይህ ሁሉ ብዙም ለውጥ የለውም። የእሷ ድምፅ በአብዛኛው ብረት ነው፤ ፒስተኑ ሲላተም፣ ሞላው ሲርገበገብ። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ተኳሹ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ስለሚያስደግፍ ንዝረቱ በአጥንቱ በኩል ጆሮው ይገባል። አጠገቡ የቆመው የማይሰማውን እሱ ይሰማል። እኔ ስተኩስ ጠመንጃዋ ሰማይ ምድሩን የምትሰብር ይመስለኝ ነበር። ጋሼ ደግሞ «እሷማ ትንፋሽ ናት» ይሉ ነበር። ሁለታችንም አልዋሸንም።

የእህቴን ልጅ ስልክ ተቀብዬ ያወረደውን የድምፅ መለኪያ አየሁት። ለዚህ አይሆንም። የተኩስ ድምፅ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው፤ የስልክ ማይክ ደግሞ ለሰው ወሬ ነው የተሠራው። ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ጫፉን ቆርጦ ለሁሉም ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጥሃል።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ያን ቀን ዘይቱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ አንድ አምስት ስድስት ጥይት ወደ አፈር ተኮሱ። እያንዳንዷ ከፊተኛዋ ዝቅ እያለች መጥታ ወደ ቀድሞዋ ትንፋሽ ተመለሰች። ከዚያ ሥራ ጀመርን። ብዙም ሳንቆይ ከአጥሩ ማዶ ቡና የሚሸጡ እትዬ መጡ። ዛሬ ቢሆን እኮ በእኛ ከተማ ጧ የሚል ድምፅ የሰማ ሰው የአየር ነው የምን ነው ብሎ አያጣራም፣ በሩን ነው የሚዘጋ። ስለ ጠዋቱ ፍንዳታ ሊቆጡን ነው ብዬ ከጋሼ ጀርባ ተሸሸግሁ።

እትዬ ስለ ፍንዳታው ጭራሽ አላነሡም። «የመኪና ጎማ ነው ብዬ አልፌዋለሁ» አሉ ኋላ። ያማረራቸው ሌላ ነው። «ይሄ ኳ ኳ ኳ የሚለው ነገር ራሴን ሊያፈነዳው ነው!»

ኳ ኳ የሚለው ጠመንጃዋ አልነበረችም። ከቆርኪው ኋላ ያቆምነው ቆርቆሮ ነው። ቆርኪ የሳተች ጥይት ሁሉ እሱን ትመታለች፤ በዓል ላይ ደግሞ የሚስት ይበዛል። እኛ ከጠመንጃዋ ጋር ስንታገል ለጎረቤት የሚደርሰው የቆርቆሮው ጩኸት ነበር። በዚያ ላይ በስተሐይቅ በኩል ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፤ ውሃ ደግሞ ድምፅ አይውጥም፣ መልሶ ይልከዋል።

ጋሼ ምንም አልመለሱም። ሄደው ሁለት ጆንያ አመጡ። አንዱ ውስጥ ጭድ ጠቀጠቁበት፣ ሌላውን እጥፍ አድርገው ፊቱ ላይ አንጠለጠሉት፣ ቆርቆሮውን ወደ ኋላ ገፉት። የሚቀጥለው ተኩስ ድፍ አለ። ድፍ ብቻ። እትዬ ከማዶ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩን፤ ከሰዓት በኋላ ቡና በነፃ ላኩልን።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። በትዕግሥት ጨረሰኝ፣ እሱ እንኳ ተመስገን ነው። ከዚያ ስልኩን እያየ፣

«እሺ፣ ስለዚህ 5.5?» አለኝ።

«መጀመሪያ ጆንያ ፈልግ» አልኩት።