ጽፎ ማጥፋት

እንዴት ዋላችሁ! የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ጌም መሥራት ለምትማሩ ልጆች የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ጌም ነው። ኤሚሊ ኢዝ አዌይ ትባላለች። ካይል ሲሊ የሚባል ሰው ሠርቶ በ2015 በነጻ ለቀቃት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ተኩስ የላትም፣ ሩጫ የላትም። ያለው የቻት መስኮት ብቻ ነው። ድሮ ሰው ከኮምፒውተሩ ሲነሳ ስሙ አጠገብ የለም የሚል ምልክት ይወጣ ነበር፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው።

ዘመኑ 2002 ነው። ስክሪኑ ዊንዶውስ ኤክስፒን ይመስላል። እናንተ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ላይ ናችሁ፣ ኤሚሊ ጓደኛችሁ ናት። ከሦስት መልስ አንዱን ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ኪቦርዱን እንዳገኛችሁ ስትመቱት ዓረፍተ ነገሩ ራሱ እየተደረደረ ይወጣል። ጣታችሁ ስለሚሠራ ራሳችሁ የጻፋችሁት ይመስላችኋል። ምዕራፎቹ አምስት ናቸው፣ በየዓመቱ አንድ፣ እስከ 2006። በመሀል ያለውን ዓመት አታዩትም። ምን ሆና እንደከረመች ከአነጋገሯ ትገምታላችሁ።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። መጨረሻው ላይ የሆዳችሁን ልትነግሯት ትመርጣላችሁ። ፊደሉ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ ይቆምና ወደ ኋላ ይጠፋል፣ በቦታው ተራ ወሬ ይገባል። ሌላውን መልስ ብትሞክሩ እሱም ይጠፋል። የምትመቱት እናንተ ናችሁ፣ የሚያጠፋውም የእናንተው ጣት ነው።

ይህን ሳይ ሆዴ ባባ። አውቀዋለኋ!

በ1998፣ በእኛ አቆጣጠር፣ አብሮ አደጌ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ። እኔ ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ገብቼ፣ ደቂቃው እየተቆጠረብኝ፣ በያሁ ሜሴንጀር አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፍለት ነበር። መጀመሪያ የማናወራው ነገር አልነበረም፤ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ኳሱ፣ ስለ በረዶው፣ ማን አገባ ማን ሞተ። ከዓመት በኋላ እንዲህ ሆነ። «አለህ?» «አለሁ።» «ምን አዲስ ነገር?» «ምንም። አንተስ?» «ሰላም።»

አባቴ የታመመ ሰሞን «አባዬ ታሟል» ብዬ ጻፍኩ። መላኪያውን ሳልነካ አየሁት። እዚያ ሌሊት ነው፣ ከሥራ ገብቶ ደክሞት ይሆናል፣ በሰው አገር ለምን አስጨንቀዋለሁ አልኩ። ፊደል በፊደል አጠፋሁትና «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ላኩ። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራንም። አልተጣላንም፣ ማንም ማንንም አላስቀየመም።

ጌሟን የምወዳት ለዚህ ነው። ፊልም ቢሆን «ከአንድ ዓመት በኋላ» ብሎ ያልፈዋል፣ እኛም አይተን እናልፈዋለን። እዚህ ግን ወዳጅነቱ ሲሳሳ በጣታችሁ ጫፍ ትዳስሱታላችሁ። ጌም ይህን ማድረግ ይችላል፣ እባካችሁ አትናቁት።

ጌሟ የምትመስለው የአሜሪካኖቹ የቻት ፕሮግራም፣ ኤይም፣ በ2017 ተዘጋ፣ ያሁ ሜሴንጀርም በ2018 ተከተለ። ጽፎ ማጥፋቱ ግን ዛሬም ቴሌግራም ላይ አለ። «እየጻፈ ነው» ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይላል፣ በመጨረሻ አንድ ስቲከር ይመጣል። ዓረብ አገር ያለች እህት በኢሞ ስትደውል እናቷ እንባዋን ጠርጋ ነው ካሜራው ፊት የምትቀመጠው። ልጅቷም እንደዚያው። ይህን ማን በጌም ሠራው? እናንተ ሥሩት፣ በአማርኛ ሥሩት፣ «አለሽ?» «አለሁ» ይበል።

እኔ ጨረስኩ። ጌሟ ተከፍታለች፣ ኪቦርዱም ይኸው። ማን ይቀድማል?