ሰውና ፈረስ አብረው በሚያድሩበት መኪና ላይ ጀነሬተር ስንገጥም

[ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ውስጥ። ጎኑ የተከፈተ አይሱዙ።]

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ይህ የምታዩት አይሱዙ ፈረስና በቅሎ ያመላልሳል። ካሶኒው፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑ፣ ለሁለት ተከፍሏል። ከኋላ እንስሳቱ ይቆማሉ፣ ከፊት ሹፌሩና ረዳቱ የሚያድሩባት ክፍል አለች። ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ፣ መብራት። አሜሪካኖች ፈረስ ወደ ውድድር ሲወስዱ እንዲህ መኖሪያ ያለው ተሳቢ አላቸው፤ የእኛው እዚሁ በላሜራና በብየዳ የተሠራ ነው። ዛሬ ጀነሬተር እንገጥምለታለን።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ኪሎዋት ይበቃኛል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ጭሱ በየት እንደሚወጣ ነው።

ክረምት ላይ ደሴ ብርዱ ሲጠና ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከጀነሬተር ጭስ ጋር የሚወጣውም እሱው ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መኪና ላይ ጀነሬተሩን በሳጥን አድርጌ ከአልጋው ስር ገጠምኩት። የሳጥኑ በር ወደ ውጭ ነው፣ ማርሚታውም፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ወደ ውጭ ነው ብዬ ተማመንኩ። በማግስቱ ባለመኪናው ደወለልኝ። ረዳቱ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ፣ በሩን ከፍቶ በመውጣቱ ነው የተረፈው። ሳጥኑን ስፈታው፣ ለኬብል ብዬ በበሳሁት ቀዳዳ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አገኘሁ። ያቺ ቀዳዳ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋችም።

[ምስል፦ ከመኪናው ስር። የብረት ሳጥኑ ከሻንሲው ጎን ታስሮ።]

እዚህ ላይ ሳጥኑን ከመኝታ ክፍሉ አርቀን፣ ከኋላ ጎማው ፊት፣ በሩና መስኮቱ በሌሉበት ጎን አስረነዋል። የሻንሲውን፣ ማለትም መኪናውን የተሸከመውን ዋና ብረት፣ አልበሳንም፤ በሁለት ማቀፊያ ብረት ጨብጠን በቡሎን አጠበቅነው። በጀነሬተሩና በብረቱ መካከል ወፍራም ጎማ አለ፤ ያለበለዚያ ንዝረቱ ቡሎኑን ቀስ በቀስ ይፈታዋል፣ እንስሳቱንም ያስበረግጋል። ከላይ ሙሉ የላሜራ ክዳን አለው፤ የፈረስ ሽንት የመዳብ ሽቦ ይበላልና። ኬብሉንም በዚሁ ምክንያት በወለሉ ሳይሆን በላይ በኩል፣ በቱቦ ውስጥ ነው ያሳለፍነው።

ሳጥኑ መተንፈስ አለበት። ቀዝቃዛ አየር በአንድ በኩል ይገባል፣ ትኩሱ በሌላ በኩል ይወጣል። ጥርቅም ያለ ሳጥን ውስጥ ሞተሩ ራሱን ያቃጥላል። ጭድና ድርቆሽ ደግሞ ከማርሚታው አጠገብ ፈጽሞ አይቀመጥም።

የጭሱ ቱቦ ከካሶኒው ጠርዝ አልፎ ይወጣል። መኪናው ሲቆም ደግሞ ይችን ረጅም ቱቦ እንሰካለታለን፤ ጭሱን ከጣሪያ በላይ ታወጣዋለች። ለሰዎቹ ብቻ አይደለም። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፣ በአፍንጫው ብቻ ነው፤ ታስሮ ደግሞ ከጭስ የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

[ምስል፦ የጀነሬተሩ ስም ሰሌዳ፣ በቅርበት።]

አሁን ወደ ኪሎዋቱ። ሰሌዳው ላይ 3 ኪሎዋት ተጽፏል። ይህ ለአፍታ የሚደርስበት ጣሪያው ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው 2.8 ነው። ያም ቢሆን በባሕር ወለል አካባቢ የተለካ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ ሞተሩ ከጉልበቱ 3.5 ከመቶ ገደማ ያጣል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአምስት እጁ አንዱ ሄደ ማለት ነው። ጠመዝማዛውን ወጥተን ደሴ ስንገባ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ወደ 30 ከመቶው የለም። ቀረን 2 ኪሎዋት።

ይበቃል? መብራቱ ሁሉ ተደምሮ 40 ዋት ነው። ፍሪጁ 100 ዋት ይበላል፣ ሲነሳ ግን ለቅጽበት ያንን ሦስት አራት እጥፍ ይጠይቃል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ የሚሰጠው ጉልበት 370 ዋት ነው፣ ሲሠራ የሚወስደው ግን ከዚያ ይበልጣል፣ ሲነሳ ደግሞ ከ1,000 ያልፋል። ሁለቱ አብረው ካልተነሱ እንደ ልብ ነው። የሻይ ማፍያ ብቻውን ከ1,500 እስከ 2,000 ይወስዳል፤ እሱ ሲሰካ ሌላው ይነቀል። የእንጀራ ምጣድ ግን አይሞከርም።

ደጋ ላይ ጥቁር ጭስ ካያችሁ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም ጥላሸት ከለበሰ፣ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ ቤንዚን የምትለካዋን ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ጠበብ ባለች መለወጥ ይቻላል። ታዲያ መኪናው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ቆላ ሲወርድ የፊተኛዋ መመለስ አለባት፤ ካልተመለሰች ሞተሩ ቤንዚን አንሶት ይግላል። እኔ የተፈታችውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሳጥኑ በር ላይ አስራታለሁ።

[ምስል፦ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ።]

ግቢ ውስጥ ሲቆም ከቆጣሪ፣ መንገድ ላይ ከጀነሬተር። ሁለቱ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም፤ ከተገናኙ የመንገዱ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ የእናንተ ጀነሬተር ይገድለዋል። ስለዚህ ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያገናኝ መቀየሪያ ገጠምን፣ ያውም ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ፣ ጭምር የሚቀይር። የጀነሬተሩን ኒውትራል በራሱ በጀነሬተሩ በኩል ከሻንሲው ጋር አስረነዋል። ይህ ካልተደረገ፣ ሰው ሲይዘው በቅጽበት እንዲቆርጥ ያስገባነው ብሬከር ላይቆርጥ ይችላል።

[ምስል፦ ማጨሻ፣ ፍም፣ ዕጣን።]

ከማስረከባችን በፊት የምናደርገው ይኸውላችሁ። ጀነሬተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቤንዚኑም ተቀድቶ ወጥቶ ከራቀ በኋላ፣ ሳጥኑ ውስጥ ዕጣን እናጨሳለን። ሳጥኑን ዘግተን፣ የመኝታ ክፍሉንም በር ዘግተን፣ ውስጥ ቁጭ ብለን እናሸታለን። ዕጣን ያለፈበት ሁሉ መርዙም ያልፍበታል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውን የሚተካ አይደለም፤ እሱ ያው ከትራሱ አጠገብ ተሰቅሏል፣ ባትሪውም ተሞክሯል።

ዛሬ ስምንት ደቂቃ ያህል ምንም አልነበረም። ከዚያ በግራ ጥግ፣ የፓምፑ ቱቦ በሚገባበት፣ ሽው አለን። ቱቦውን አወጣን፣ ቀዳዳውን በላሜራ አጠበብን፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ሞላን፣ እስኪደርቅ አሳደርነው። ጠዋት ደግመን አጨስን፤ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። የሸተተን የአዲሱ ቀለም ብቻ ነበር።

[ምስል፦ ረዳቱ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ሲገባ።]