ድሮን አብራሪው ያየውን ማን ያረጋግጥለታል?

[ጥቁር ስክሪን። የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ ብቻ።]

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮት የለውም። ሁለት ወታደሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ድሮኑን ያበርራል፤ ሌላው ካሜራውንና ሚሳኤሉን ወደ ዒላማው የሚመራውን ሌዘር ይይዛል። እነሱ ያሉት አሜሪካ ነው። ድሮኑ ያለው አፍጋኒስታን ሰማይ ላይ።

ካሜራ ከሚይዙት አንዱ ብራንደን ብራያንት ይባላል። አየር ኃይሉን ከለቀቀ በኋላ አንድ ቀን የሆነውን ተናግሯል። ዒላማው የጭቃ ቤት ነበር፤ አጠገቡ የፍየል በረት አለ። ሚሳኤሉ ተተኮሰ። እስኪያርፍ 16 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሊያርፍ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው አንድ ትንሽ ሰው ከቤቱ ጥግ ብቅ አለ። ከዚያ ስክሪኑ ነጭ ሆነ።

ልጅ ነበር እንዴ? ሁለቱ ተያዩ። በቻት ጠየቁ። የት እንዳለ እንኳ የማያውቁት ሰው መለሰ፦ ውሻ ነው።

[ምስል፦ የኢንፍራሬድ ቀረጻ]

ብዙ ሰው «ይኼማ ጌም ነው» ይላል። የወታደሩን እጅ ካያችሁ፣ አዎ፣ ይመስላል። ዓይኑ ጋ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጦር ጄት አብራሪ ቦምቡን ጥሎ ይሄዳል። ድሮን ግን እዚያው ያንዣብባል። ሰውየው ስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጣ፣ ልጆቹ የት እንደሚጫወቱ ለቀናት ሲታይ ይቆያል። ከተመታ በኋላም ካሜራው አይነሳም፤ የሞተው መቆጠር አለበት። በኢንፍራሬድ ትኩስ ነገር ነጭ ሆኖ ይታያል። የፈሰሰ ደም መጀመሪያ ነጭ ነው። ሲቀዘቅዝ ከመሬቱ ጋር ይመሳሰላል።

ከዚያ ፈረቃው ያልቃል። መኪና አስነስቶ ቤቱ ይገባል፤ እራት ይበላል።

ባለሙያዎች ይህን «የሕሊና ቁስል» ይሉታል። ከፍርሃት የሚመጣ ሕመም አይደለም፤ እሱ ላይ ማንም አልተኮሰም። የሚያመው ያደረገው ነገር ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ፔንታጎን ለእንደነዚህ ያሉ ወታደሮች ሜዳሊያ አዘጋጀ። የቀድሞ ተዋጊዎች ተቆጡ፤ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ተሰረዘ። ጭቅጭቁ በዋናነት የእነሱ ሜዳሊያ በጦር ሜዳ ለተዋጉት ከሚሰጡት ሊበልጥ ይገባል ወይ የሚል ነበር። የድሮን ወታደሮቹን እንቅልፍ የነሳቸው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ማንን ነው የገደልኩት?

በእግሩ የሚዋጋ ወታደር ቢያንስ ሄዶ ማየት ይችላል። የድሮን ወታደር ያለው ምስል ብቻ ነው። ምስል ደግሞ ይሸውዳል።

[ምስል፦ የካቡል ካርታ]

ነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ.፣ ካቡል። አንዲት ነጭ ቶዮታ ኮሮላን ድሮን ለስምንት ሰዓት ያህል ተከታተላት። ሰዎች መኪናዋ ላይ ዕቃ ሲጭኑ ታየ፤ ፈንጂ ተባለ። ተመታች። 10 ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ 7ቱ ሕፃናት ናቸው። የተጫነው የውሃ ጀሪካን ነበር። ይህ የታወቀው ጋዜጠኞች ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ጎረቤት ጠይቀው፣ የካሜራ ቅጂ ሰብስበው ስላጣሩ ነው። ፔንታጎን ስሕተቱን አመነ። የተቀጣ ወታደር ግን የለም።

[ምስል፦ ወደ መጀመሪያው ክፍል]

ብራያንትና አብራሪው እንደ ጋዜጠኞቹ ቤቱ ድረስ ሄደው ማጣራት አልቻሉም። ቀረጻውን ወደኋላ መለሱት። እንደገና አዩት። ያ ውሻ የተባለው በሁለት እግሩ ነበር የሚራመደው።