ተማሪው ያየውን በምን እናውቃለን?

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤

ከሞጣና ከቢቸና፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ርቃችሁ ደብረ ማርቆስ ለተገኛችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርበዋል። እኔ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ልናገር።

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ ኦፍታልሞስኮፕን፣ ማለትም የዓይንን ውስጥ አብርቶ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሠሩት፣ በፀሐይ ብርሃን የሚሞላው አርክላይት የተባለ ኦፍታልሞስኮፕ በኪስ ይያዛል። አንድ ችግር ግን አልተለወጠም፤ በቀዳዳው የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተማሪው ጎንበስ ብሎ «አየሁ» ሲል መምህሩ በምን ያረጋግጣል? እንዲህ እየሆነ የዓይን ነርቭን ራስ፣ ነርቩ ከዓይን ጀርባ የሚወጣበትን ክብ ቦታ፣ በትክክል ሳያይ የሚመረቅ ባለሙያ አለ። ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም ያለበት ገበሬ፣ የስኳር ሕመም ያለባት እናት ነገ የሚቀርቡት ለእርሱ ነው። ይህ እንቅልፍ ሊነሳን ይገባል።

መፍትሔው እጃችን ላይ አለ። ከመነጽር መለኪያ ሣጥናችን የ+20 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ሌንስ አውጥተን በትንሽ ካርቶን አፍ ላይ እንግጠም፤ ካርቶኑ የሰው ዓይን ምሳሌ ይሆነናል። ከሌንሱ 5 ሴንቲ ሜትር ርቆ በካርቶኑ ውስጥ በቀለም የታተመ የሬቲና፣ የዓይን ውስጠኛ ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ፎቶግራፍ ይለጠፍ። በፎቶው ላይ የነርቩ ራስ ስፋት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ በሰው ዓይን ውስጥ የምናየውን ያህል ሆኖ ይታያል። ከሌንሱ ፊት 8 ሚሊ ሜትር የተበሳ ጥቁር ወረቀት በጠብታ የሰፋ ብሌን ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር የተበሳው ያልሰፋ። ፎቶውን ከሌንሱ ራቅ ስናደርገው ሩቅ አጥርቶ የማያይ ሰው ዓይን ይሆናል፤ ተማሪውም የመሣሪያውን ሌንስ እያዞረ ማጥራትን ይለምዳል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ተማሪው ያየውን በወረቀት ይሳል፤ ከዚያ ካርቶኑ ይከፈት። በነርቩ ራስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ምን ያህል እንደሰፋ፣ ደሙ የት እንደፈሰሰ፣ መምህርና ተማሪ በአንድነት ያዩታል። ያኔ ስሕተቱ ይታረማል።

ካርቶን አይጨፍንም፣ ዓይኑን አያንከራትትም፤ ስለዚህ ታካሚን አይተካም። ነገር ግን ጀማሪው ብርሃን እያበራ አንድን አዛውንት ደጋግሞ ከሚያስቸግር፣ ቀኝ ዓይንን በቀኝ፣ ግራውን በግራ ማየትን አስቀድሞ በካርቶን ይልመድ።

ከምሳ በኋላ ካርቶኑ፣ ሌንሱና መቀሱ በየጠረጴዛው ይጠብቃችኋል። ከየጤና ተቋሙ የመጣችሁ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሠርታችሁ እንድትሄዱ አደራ እላለሁ። ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።